«እኔን!» ብሎ መሮጥ የተከለከለበት ውድድር

ይህን የምጽፈው በዚህ በረዷማ ከተማ ላለው የሰንበቴ ማኅበራችን፣ በተለይም ወሎን በስም ብቻ ለሚያውቁት ልጆቻችን ነው። በደኅና ሄጄ በደኅና ገብቻለሁ። ለዚህ አምላኬን ካመሰገንኩ በኋላ፣ ከአንድ ቤት በስተቀር፣ ሌላ የማመሰግነው ብዙ ሰው የለኝም። ራሴንም አላመሰግንም። ምክንያቱን ቅዳሜ ላይ ስትደርሱ ታገኙታላችሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ወደ በረዶ አዳራሹ እንደምሄድ ታውቃላችሁ። የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ከአዳራሹ ጋር አጥር ይጋራል። አንዳንዶቻችሁ ነገሩን ከጭፈራ ቤት ቆጥራችሁ ለንስሐ አባቴ ነግራችሁብኛል። እሳቸውም አንድ ቀን መጥተው አዩና፣ «ልጆቹን ይብረዳቸው ይሆናል እንጂ ኃጢአቱስ አልታየኝም» ብለው ሄዱ። እዚያ ታዳጊዎች ስለት ያለው ጫማ አድርገው በሙዚቃ ይንሸራተታሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ ይዘላሉ፣ ይወድቃሉ። ሲወድቁ እኔ «እኔን!» እላለሁ። አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት አሮጊት ደጋፊ ትርጉሙን ጠየቀችኝ። «የእሷ መውደቅ ለእኔ ይሁን ማለት ነው» አልኳት። ቆቧን አስተካክላ፣ «አንቺ እኮ መንሸራተት አትችዪም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በልቤ ነው የምለው።

የልጅነት ጓደኛዬ ዘምዘም ሐይቅ ከተማ ትኖራለች። ሐያት የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አለቻት። ሐያት ባለ ጎማ ጫማ አድርጋ ሲሚንቶ ላይ የምትጨፍር ልጅ ናት። በረዶ አይታ አታውቅም፤ ከአዳራሹ የምቀርጸውን እየላክሁላት ነው የተማረችው። ጦርነቱ ኔትወርኩን ያጠፋ ጊዜ ለወራት ድምፃቸው ጠፋ። ኔትወርኩ የተመለሰ ዕለት የደረሰኝ የመጀመሪያ መልእክት፣ «አክስቴ፣ ደኅና ነን፤ ዝላዩ ላይ የሚያርፈው ግራ እግር ነው ቀኝ?» ይል ነበር። ዘንድሮ በሐይቅ የታዳጊዎች የስኬቲንግ ውድድር እንደሚካሄድ፣ አንደኛ የወጣው ብቻ አዲስ አበባ ሄዶ ከእውነተኛ አሠልጣኝ ጋር እንደሚማር ስትነግረኝ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። እስከዛሬ አሠልጣኟ እኔ ነበርኩና፣ ልጅቱ ምን ያህል እንደተቸገረች ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ማክሰኞና ረቡዕ

ፓስፖርቴን፣ ጸሎት መጽሐፌንና ለሐያት የገዛሁትን አዲስ ባለ ጎማ ጫማ ደጋግሜ አይቼ ወጣሁ። አውሮፕላኑ ላይ የጾም ምግብ ብዬ ያዘዝኩት ቅቤ ተቀብቶ መጣ፤ አስተናጋጇ «ሥጋ እኮ የለበትም» ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። ዳቦ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ አዲስ አበባ ገባሁ። ስለ አዲስ አበባ የሚጽፍ ሞልቷል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ «ለውጥ» የሚል ያልተጻፈበት ግድግዳ አላየሁም፤ ወሬው መናኸሪያው ድረስ ግን አልደረሰም። የቲኬት ሰልፉ የተውኩት ቦታ ላይ፣ ሳይነቃነቅ ጠበቀኝ።

ሐሙስ

ሸዋ ሮቢትን ካለፍን በኋላ አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ሻንጣዬን የከፈተው ወጣት ሚሊሻ ጫማውን አንስቶ ጎማውን በጣቱ አሽከረከረው።

«ይሄ ምንድን ነው እማማ?»

እማማ የምባልበት ዕድሜ ላይ አልደረስኩም፤ ጠመንጃ ከያዘ ሰው ጋር ግን ስለ ዕድሜ አልከራከርም። «ጫማ ነው ልጄ» አልኩት።

«ጎማ ያለው?»

«ለልጅ ነው። ትጨፍርበታለች።»

ከኋላዬ የተሰለፈች የሐይቅ ሴትዮ አንገቷን አስግጋ አየችና፣ «ውይ በሞትኩት! ያኔ ይሄ ነበር እኮ የጎደለን!» አለች። «በእግራችን እየተጎተትን፣ ልጅ አዝለን ደብረ ብርሃን የገባነው! ይሄ ቢኖረን የኮምቦልቻን ቁልቁለት ሽው ነበር!»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሚሊሻውም ስቆ፣ «እኛም ብንሆን ቀድመናችሁ ደብረ ብርሃን እንደርስ ነበር» አለ። ሳቁ ቀነሰ። እሱም ጫማውን ቀስ አድርጎ መልሶ ሻንጣውን ዘጋልኝ።

ደሴ ያደርኩበት ሆቴል በሩ ላይ ኮከቦች ተስለውበታል። ሙቅ ውሃ አለ ወይ ብዬ ባለቤቱን ጠየቅኋቸው። «ሙቅ ውሃማ አለ፤ የሌለው ቧንቧው ነው» አሉኝ። በጦርነቱ ጊዜ የየክፍሉ የቧንቧ አፍ ሳይቀር ተነቅሎ ሄዷል። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው በጀሪካን ሙቅ ውሃ ተሸክመው፣ እያለከለኩ ደረጃውን ወጡልኝ። የተጨማሪ ብርድ ልብሱም ከራሳቸው አልጋ የተነሳ ይመስለኛል፤ ሙቀቱ አልለቀቀውም ነበር። እዚህ በረዶ አገር ሆቴል ቧንቧው እንደ አውሮፕላን መሪ ነው፣ ውሃ ለማውጣት ትምህርት ይጠይቃል፤ ባለቤቱን ግን ማንም አይቶት አያውቅም።

ዓርብ

በማለዳ በሚኒባስ ሐይቅ ገባሁ። ዘምዘም በሯ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። አቅፋኝ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች፤ ከዚያ ራቅ ብላ አየችኝና፣ «ወፍረሻል፣ ማሻአላህ!» አለች።

«ኧረ ሁዳዴ ነው ዘምዘም!»

«ታዲያ ባትጾሚ ምን ልታክይ ነበር?»

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ተገናኝተዋል። ዘምዘምና ሐያት ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ አይቀምሱም፤ እኔም ከእነሱ ፊት እንጀራ መቁረስ አፍሬ አብሬያቸው ልቆይ ወሰንኩ። ከተማው ሁሉ በሁለት ሃይማኖት ተርቧል። ውድድሩ በምን ምክንያት በዚህ ወር እንደሆነ ብጠይቅ፣ ከሌላው ወር ሁሉ እየተላለፈ እዚህ ደረሰ አሉኝ። እኔ ግን የመስተንግዶ በጀት ያልነበረው ሰው ማንም የማይበላበትን ወር አስቦ የመረጠ መሰለኝ። ዘምዘም ለእኔ ድስት ለብቻ፣ ማማሰያ ለብቻ ለይታ አስቀምጣለች። «ዘይቱንም ፊትሽ ነው የምከፍተው። ኋላ ቅቤ ነካብኝ ብለሽ ከአምላክሽ ጋር እንዳታጣዪኝ» አለችኝ። በምኖርበት አገር እጾማለሁ ስል ስለ ደም ማነስ ነው የሚመክሩኝ።

ረፋዱ ላይ በእግሬ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄድኩ። ገዳሙ ውስጥ ሴት አይገባም፤ እንደ ልጅነቴ ድንበሩ ላይ ቆሜ ተሳለምኩ። አጠገቤ የነበረች አንዲት ጎብኚ ወጣት፣ «ይሄ ነገር አያናድድሽም?» ብላ ጠየቀችኝ። አያናድደኝም። አትግቡ ከተባለበት ቦታ ውጭ ቆሞ መጸለይን የሚያስተምረኝ የለም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራው ኖሬያለሁ። ይህን ያልኩት በማግስቱ የሠራሁትን ስታነቡ እንዲገርማችሁ ነው።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ የተወዳዳሪዎች ወላጆች መወዳደሪያው ቦታ ተሰበሰቡ። ቦታው የእህል መጋዘን ነበር። ጦርነቱ እህሉን፣ በሩንና የጣሪያውን ቆርቆሮ ወሰደ፤ ወለሉን መሸከም ስላቃተው ተወልን። ወለሉ ታዲያ ምን የመሰለ ሊሾ ነው! እኛ ጋ በረዶውን የሚያለሰልሰው መኪና ራሱ እንዲህ አያለሰልስም። መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው አስተባባሪ ማይክራፎን ያዘና፣ «ከአውሮፓ የመጡ የዘርፉ ከፍተኛ ባለሙያ» ብሎ አስተዋወቀኝ።

«እኔ ሽማግሌ ነው የማጥበው። ውድድር ግን አያለሁ» አልኩ።

«ትሕትናቸው ነው!» አለ፤ ተጨበጨበልኝ።

ዋና ዳኛዋ ከደሴ የመጣች የስፖርት መምህርት ናት። ሕጉን አነበበች፦ ተወዳዳሪ ብትወድቅ ራሷ ተነስታ ትቀጥላለች፤ ከውጭ ሰው ገብቶ ከነካት ግን ከውድድር ትወጣለች። ወላጆቹ ተያዩ። አስተባባሪው እንዳብራራ ማይክራፎኑን ሰጠኝ። ያን ጊዜ ጋሽ ይመር፣ የልጅ ልጃቸው የሚወዳደርላቸው አዛውንት፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ።

«የወደቀ ልጅ አታንሱ ነው የምትይን?»

«ራሱ ይነሳል ጋሼ። ከተነካ ይባረራል።»

«እኔንም አንል?»

«እሱማ ይባላል። ግን ከቦታችሁ ሆናችሁ።»

«ከቦታ ሆኖ እኔን ማለት እንዴት ያለ እኔን ነው?» ብለው ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። «ይቺ ልጅ እዚያ በረዶ ላይ የተማረችው ይሄንን ነው?»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። እኔም እልህ ያዘኝና፣ ስለ ሥርዓት፣ ልጅን ስለ ማመን፣ ከወደቁ በኋላ ብቻን ስለ መነሳት ረጅም ንግግር አደረግሁ። በጣም ጥሩ ንግግር ነበር። ዘምዘም እያንዳንዷን ቃል እንደ ትእዛዝ ስትሰማኝ ነበር፤ ያ ነው የሚቆጨኝ።

ቅዳሜ

ውድድሩ በጠዋት ይጀምራል ተብሎ ነበር። በጠዋት የጀመረው ንግግሩ ነው። ስኬቲንግ ለአገር ግንባታ ስላለው ሚና ባለ ጎማ ጫማ አድርጎ የማያውቅ አንድ ኃላፊ ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትቆም አስረዳን። በመካከል ማይክራፎኑ ያፏጫል፤ እሱ ያፏጨበት ይሻል ነበር። ከዚያ ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ ባረኩ፣ ሁላችንም ለሁለቱም አሜን አልን። ከቀኑ ሁሉ ያለ እንከን ያለፈው ይኸው ነው።

መጀመሪያ የወጣው የጋሽ ይመር የልጅ ልጅ ነበር። መታጠፊያው ላይ ተንሸራተተና በቂጡ ተቀመጠ። እናቱ ጫማዋን ጥላ ወለሉ መሐል ስትደርስ ልጁ ገና አቧራውን አላራገፈም። ዳኛዋ ቀይ ባንዲራዋን አነሳች። ሽማግሌዎች ወዲያው ተሰብስበው ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ለሽምግልና ሄዱ፤ «ለዛሬ ይቅር በያት፣ እናት እኮ ናት» ይላሉ። ዳኛዋ አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው፣ አክብራ ሸኘቻቸው፣ ውሳኔዋንም አልለወጠችም። እኔ ኮራሁ። «አየሽ? ሕግ ማለት ይሄ ነው» አልኳት ለዘምዘም።

ቀጥሎ ከውጫሌ የመጣ ልጅ ወጣ። ውጫሌ የትውልድ ከተማዬ ናት፤ ስለዚህ የምናገረው ያለ ክፋት ነው። ልጁ እጆቹን ዘርግቶ ወለሉን ዞረ። ከዚያ ደግሞ ዞረ። አልዘለለም፣ አልተሽከረከረም፣ አልወደቀም። ሙዚቃው ሲያልቅ እሱ አልሰማምና አንድ ጊዜ ጨምሮ ዞረ።

ከዚያ ሐያት ገባች። እኛ ጋ ልጆቹ እንደ ገና ዛፍ ያብለጨልጫሉ፤ እሷ ሒጃቧን በስፒል አጥብቃ፣ እናቷ የሰፋችላትን ሰማያዊ ቀሚስ በሱሪ ላይ ለብሳ ነበር። ሙዚቃዋ በማሲንቆ የተመታ አምባሰል ነው። እዚያ አዳራሽ ለዓመታት ስመላለስ በፊልም ሙዚቃ ሲሽከረከሩ ነው ያየሁት፤ ትከሻ ከጎማ ጋር እንዲህ ሲስማማ አይቼ አላውቅም። ማሲንቆው ሲያዘግም ታዘግማለች፤ ሲያለቅስ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች አንገቷን ታቀረቅራለች። የመጀመሪያው የአንድ ዙር ዝላይ ላይ ወረቀት እንደሚቀመጥ አረፈች። የውጫሌ ሰዎች ሳይቀሩ እልል አሉ።

ሁለተኛው ዝላይ ላይ ወደቀች።

«እኔን!» አለ መጋዘኑ በአንድ አፍ። ግን ማንም አልተነቃነቀም፤ ተምረዋል። ዘምዘም የሻርፗን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ቀበረች። ሐያት ጉንጯን ክንዷ ላይ አድርጋ በጎኗ ተጋድማለች፤ ዓይኗ ተከፍቷል። ማሲንቆው ይቀጥላል። እኛ ጋ ልጆች እንደ ወደቁ ነው የሚነሱት፤ እሷ ግን አልተነሳችም። ከሌሊት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰች ልጅ ናት። ተነሺ አልኩ በልቤ። አልተነሳችም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። እኔ የማውቀው ወለሉ መሐል ተንበርክኬ፣ ነጠላዬ በሩቅ ወድቆ፣ የልጅቱን ቀሚስ በእጄ እያራገፍኩ፣ «እኔን! እኔን ይድፋኝ ልጄ!» ስል ራሴን ማግኘቴን ነው።

ሐያት ቀና ብላ አየችኝ። «አክስቴ፣ ምን ሆንሽ?»

«ተጎዳሽ?»

«አዝማቹ እስኪመለስ እየጠበቅኩ ነበር! ከወደቅሽ ሙዚቃውን አታሯሩጪው፣ ዞሮ እስኪመጣልሽ ጠብቂው ብለሽ የላክሽልኝ አንቺ አይደለሽም?»

እውነቷን ነው። የአንዲትን ልጅ ቪዲዮ ከነማብራሪያው ልኬላታለሁ። በዚያው ቅጽበት አዝማቹ ተመለሰ። ሁለታችንም ሰማነው። አለፈን።

ቀዩ ባንዲራ ተነሳ። ጋሽ ይመር ምርኩዛቸውን ወደ ሰማይ አንስተው፣ «ይኸውላችሁ! እኔን ማለት እንዲህ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ለእኔ ነው ያጨበጨበው። ሐያት ጫማዋን ፈትታ በካልሲዋ ወጣች።

ዳኛዋ ዘንድ ሄጄ ለመንኩ። «ሕጉን ትናንት ያብራሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ፤ ያለ ክፋት፣ እንዲሁ ለማወቅ ያህል። ከፋሲካና ከዒድ በኋላ ደሴ ላይ ለአንድ ቀሪ ቦታ ሌላ ማጣሪያ እንዳለ፣ ሐያት እዚያ መመዝገብ እንደምትችል ነገረችኝ። አንደኛ የወጣው የውጫሌው ልጅ ነው። ከመጋዘኑ ስወጣ አንዱ ለሌላው፣ «ለአገሯ ልጅ ብላ እኮ ነው፤ ልጅቱን እንዴት አድርጋ ከውድድር እንዳስወጣቻት አላየህም?» ሲል ሰማሁ።

በማፍጠሪያው ሰዓት ሐያት ቴምሯን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በላች። ዘምዘም ሾርባ እየቀዳች ተናገረችኝ። «እኔ እናቷ ሻርፔን ነክሼ ተቀመጥኩ፤ አንቺ አስተማሪዋ! ወላሂ፣ ደሴ ላይ ማንም አይይዘኝም። አንቺ የሮጥሽውን እኔ ምን በወጣኝ እቀመጣለሁ?» ይህን ብላ የምስር ሳምቡሳ በእጇ አጎረሰችኝ፤ ተቆጥታ ስለሆነ ጉርሻው ትልቅ ነበር። «ብዪ፣ አብሽሪ» አለች። ከግድግዳው በኩል፣ «እሷን ነው አብሽሪ የምትያት?» የሚል ድምፅ መጣ።

እሑድ

ውጫሌ ሄጄ አስቀደስኩ። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እንደ ጀግና ተቀበሉኝ። የባጃጁ ሹፌር «ከአንቺማ አልቀበልም» አለ። የአሸናፊው ልጅ አባት በግ ሊያርዱልኝ ተነሱና ጾሙ ትዝ ሲላቸው፣ «በስምሽ ታስሮ ለፋሲካ ይቆይ» አሉ።

«ጌታዬ፣ እኔ ለማንም ብዬ አላደረግሁትም» አልኳቸው።

«እናውቃለን፣ እናውቃለን» አሉና ጠቀሱኝ። «እኛም ለሰው አንናገርም።»

ልጁ ብቻ ነው ያላመሰገነኝ። የተሸለመውን ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ሐያት መዝለሉን ታሳየኝ እንደሆነ ትጠይቂልኛለሽ?» አለኝ። ከከተማው ሁሉ ውድድሩን ያየው እሱ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሰኞ

ወደ ሐይቅ በጠዋት ተመለስኩ፤ ለደሴው መኪና ጥቂት ጊዜ ነበረኝ። ሐያት አዲሱን ጫማ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ በር ላይ አገኘችኝ። «ነይ» አለች። ከዚያ ወደ ቤት ዞራ፣ «እማዬ፣ አንቺም ነይ።»

ባዶው መጋዘን ውስጥ ሁለት የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችልን። ተቀመጥን።

«ደሴ ትመጪያለሽ አክስቴ?»

«ፈቃዴ ያልቃል፣ አልችልም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። ሳቋ አመለጣት፤ ቶሎ መልሳ ተኮሳተረች። «ግን እማዬ አንቺን አይታ እሮጣለሁ ብላ ምላለች። ስለዚህ ሁለታችሁም ትማራላችሁ። እኔ እወድቃለሁ፣ እናንተ ትቀመጣላችሁ።»

ዘምዘም፣ «ያ ረቢ፣ በገዛ እጇ ልትወድቅ ነው!» ስትል ልጅቱ ሄዳለች። ዞራ መጣችና ዝላዩን ጀምራ ጧ ብላ ወደቀች። ዘምዘም ተነሳች።

«እማዬ!»

ተቀመጠች። ሐያት ደግማ ወደቀች። አሁን የተነሳሁት እኔ ነኝ፤ ዘምዘም ነጠላዬን ይዛ ጎትታ አስቀመጠችኝ። «አንቺ ደግሞ! ከበረዶ አገር ድረስ ይሄን ይዘሽ መጣሽ?» አለች። ሐያት ደግማ ወደቀች። «እኔን» አልን ሁለታችን፣ ለራሳችን ያህል።

መጨረሻ ላይ ከሩቅ ተንደርድራ መጥታ፣ ዘልላ፣ በጎኗ ወደቀች፤ ቅዳሜ እንደወደቀችው አድርጋ። አልተነሳችም። ጉንጯን ክንዷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከፍታ አየችን። ማሲንቆ የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም። የወደቀችበት ቦታ ሆና አምባሰሉን ራሷ ታንጎራጉረው ጀመር፤ ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትዘልል። የዘምዘም ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገባ፤ የእኔም የሷ ውስጥ። ዜማው ወረደ፣ ራቀ፣ ተጠማዝዞ ዞረ። አዝማቹ ሲቃረብ አንድ ጉልበቷን አጠፈች፣ በእጇ ወለሉን ገፋች፣ ተመልሶ ሲመጣም በእግሯ ቆማ ጠበቀችው።

እኛ አልተነሳንም።